ከበሩ ኋላ ያለው ኩባያ

ሰማያዊው ኩባያ ከብርሌዎች መካከል ምን ይሠራል ብሎ መቶ አለቃ ወልደዮሐንስ መጠየቅ የነበረበት በመጀመሪያው ቀን ነው። አልጠየቀም። ኩባያው ከሟቹ እግር አጠገብ ተጋድሞ ነበር። አፉ ተሸርፏል፤ እጀታው በሽቦ ተጠግኗል። መቶ አለቃው በመሐረብ ጠቅልሎ ለረዳቱ ለሃምሳ አለቃ ኃይለኢየሱስ ሰጠውና ወደ ሬሳው ዞረ። ጠጅ በብርሌ ይጠጣል፣ ብርዝ ደግሞ በኩባያ ይሆናል የሚጠጣው ብሎ አለፈው። በዚህች ሐሳብ ምክንያት አንዲት ልጅ ለመሰቀል ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ዘመኑ 1957 ዓ.ም.፣ ከተማው ዲላ፣ ቤቱ የእትዬ ሸዋነሽ ጠጅ ቤት ነው። ሟቹ ጴጥሮስ የሚባል የቡና መዛኝ ነበር፤ ሚዛኑ አይዋሽም የተባለለት፣ የወንጌል አማኝ፣ ጠጅ የማይቀምስ ሰው። የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ወደ ጠጅ ቤቱ የመጣው ለራሱ ጉዳይ አልነበረም። ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት የሚወዳደረውን ወዳጁን፣ ብረት ሠሪውን ይርጉን፣ ከፍስሐ ገነት ከመጣው ቡና ነጋዴ ከከፈለኝ ጋር ሊያስተዋውቅ ነው። የሚመርጠው በከተማው ቤት ያለው ሰው ነው። ከፈለኝ በዲላ ቤቶች አሉት፤ የሱን ፊት አይተው የሚመርጡ ባለቤቶችም ብዙ ናቸው።

ሦስቱ ተቀመጡ። አስተናጋጇ አልጣሽ ለሁለቱ ጠጅ፣ ለጴጥሮስ ብርዝ ቀዳች። ጴጥሮስ ከሚዛኑ ላይ ተጠምቶ ስለመጣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና ፊቱን አጨማደደ።

"እትዬ ሸዋዬ፣ ብርዙ ዛሬ ምነው መረረ?" አለ።

ብዙ ሳይቆይ ሰውነቱ እንደ ደጋን ተወጠረ፣ መንጋጋው ገጠመ፤ ሐኪም ተጠርቶ ሳይደርስ አበቃ። መቶ አለቃው ሬሳውን ሲያይ ወዲያው አወቀው። እንዲህ ያለ አሟሟት ከዚያ በፊት ያየው በሰው ላይ ሳይሆን በውሻ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ሲያስገድል፣ ጠዋት በገበያው ዳር እንዲሁ ተወጥረው ይገኛሉ።

የብርዙን ማሰሮ ማንም እንዳይነካ አዘዘ። እትዬ ሸዋነሽ ግን ትእዛዙን የሰማች አልመሰለችም። ማሰሮውን አንሥታ በብርሌ ሞልታ ቀዳችና ሰዎቹ እጇን ሳይይዙ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።

"ከቤቴ መርዝ አይወጣም" አለች አፏን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "ካመንክ እመን። ካላመንክ ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ።"

መቶ አለቃው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ቁጭ ብሎ ጠበቃት። እሷም አልሞተችም። እንዲያውም እስኪመሽ ድረስ ፖሊሶቹ በጫማቸው ስላስገቡት ጭቃ ስታማርር ቆየች።

እንግዲህ ማሰሮው ንጹሕ ነው። በማሰሮውና በጴጥሮስ አፍ መካከል ያለፈው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። አልጣሽ ከጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጣለች። መቶ አለቃው በዝግታ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ ወደ መሬት እያየች፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ምን እንዳጠፋች ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያች ቃል በቀር ሌላ አልወጣትም። ሸዋነሽ ከኋላዋ ቆማ ታያት ነበር።

አስሮ ወሰዳት።

*

በማግስቱ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። የአልጣሽ እናት ሙሉነሽ ናት፤ በገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ሁለት ጥቅል ምግብ ይዛለች፤ አንዱ ለልጇ፣ አንዱ ለዘበኛው፣ የልጇን እንዳይረሳ ብላ። ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ትነሣለች። ሰው በመርዝ የገደለ እስረኛ ይርጋለም ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደሚላክ፣ ከዚያም የተመለሰ እንደሌለ ሰምታለች። ማን እንደነገራት አይታወቅም፤ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚነግር ሰው ለእናት አይጠፋም።

"ጌታዬ፣ ዛሬ አትልኳትም?" ብላ ጠየቀችው።

"ዛሬ አንልካትም።"

"ነገስ?"

መቶ አለቃው አጠገቧ ቆመ። ሙሉነሽ ልጇ ከታሰረች ጀምሮ የቤቷን በር ሌሊት እንደማትዘጋ ነገረችው። ልጅቷ ድንገት ብትለቀቅ ተቆልፎ እንዳታገኘው ነው። ሌባ ቢገባስ ሲላት፣ ሌባ ምን ያገኛል አለችው።

ውስጥ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ ሻምበሉ እየጠበቁት ነበር። ነገሩ ከምርጫው በፊት ማለቅ እንዳለበት፣ ልጅቷም በአፏ እንዳመነች ነገሩት። መቶ አለቃው ጥፋት ያለችው ምን እንደሆነ አልተናገረችም ብሎ ተከራከረ። ለዳኛ ትናገራለች አሉት። ጴጥሮስን የምትጠላበት ምክንያት የለም ቢላቸው፣ ያንንም ለዳኛ ትናገር አሉ። በመጨረሻ ፊቱን አይተው ትንሽ ለዘብ አሉና፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው እስኪነሣ ጊዜ እንዳለው ነገሩት።

"ቅዳሜ ግን ትሄዳለች" አሉ።

*

መጀመሪያ የሄደው ወደ ከፈለኝ ነው። ባለፈው የቡና መልቀሚያ ጊዜ ጴጥሮስ የከፈለኝን ቡና እርጥብ ነው ብሎ ከሚዛን አውርዶበት፣ ሁለቱ በሰው ፊት ተሰዳድበው ነበር። ሲሞትም ከጎኑ የተቀመጠው ከፈለኝ ነው።

ነጋዴው ጠቡን አልካደም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር አስቀምጠው እንዳስታረቋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ቡናውን ከጴጥሮስ ሌላ ለማንም እንዳላስመዘነ ተናገረ። መቶ አለቃው ሽማግሌዎቹን አገኛቸው፤ እውነቱን ነበር። ብርዙ ሲቀዳ አይተህ ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከፈለኝ የዚያን ጊዜ ፊቱን አዙሮ እጁን ይታጠብ እንደነበር ገለጸ። ይህንንም ሸዋነሽ አረጋገጠች።

"ስመለስ ተቀድቶ አገኘሁት" አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጠረጴዛው ሲጠየቅ ዓይኑን ያሸሽ ነበር። መቶ አለቃው ይህን አስተዋለ፤ የምን ማፈር እንደሆነ ግን አልገባውም።

ቀጥሎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደ። የውሻው መርዝ የሚቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ የሚይዙት ባላምባራስ ገሪማ ናቸው። ለብዙ ዘመን የምክር ቤት አባል ሆነው የኖሩ፣ ዘንድሮም ከይርጉ ጋር ለአንድ ወንበር የሚወዳደሩ ሰው። የከተማው የውሃ ቦኖ የተተከለው ከግቢያቸው በር ላይ ነው። ሴቶች እንስራ ይዘው የሳቸው ዘበኛ እስኪፈቅድ ይቆማሉ። ይርጉ ቢመረጥ ቦኖውን ወደ ገበያው እንደሚያዛውረው ለሁሉም ተናግሯል።

ባላምባራስ በትሕትና ተቀበሉት። ጴጥሮስ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ወደ ማታ ላይ፣ ወደ ይርጋጨፌ ሄደው እንደነበር፣ ከዘመድ ቤት እንዳደሩ፣ የተመለሱትም ጴጥሮስ ከሞተ በማግስቱ በጠዋቱ አውቶብስ እንደሆነ ተረኩለት። ቁልፉን ከአንገታቸው ሥር አውጥተው አሳዩት። ይርጋጨፌም አብሯቸው ነበር።

"እንግዲህ የኔ ሣጥን የዚያን ቀን በማን ተከፈተ ትላለህ?" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ልምከርህ፣ ልጄ። ከቀጥቃጭ ጋር የተቀመጠ ሰው በምን እንደሞተ አይጠየቅም" አሉት።

መቶ አለቃው ይህን ዓይነት ምክር አይወድም። ቢሆንም ኃይለኢየሱስን በአውቶብስ ወደ ይርጋጨፌ ልኮ አስጠየቀ። ባላምባራስ ያሉት ሁሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ጴጥሮስ በሚሞትበት ሰዓት እሳቸው ከአጥቢያው ሹም ጋር በአንድ ገበታ ነበሩ። መቶ አለቃው ስማቸውን ሰረዘ።

የቀረው ይርጉ ነው።

*

የይርጉ መሥሪያ ከከተማው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። የዲላ ቤቶች ማጠፊያና መወርወሪያ አብዛኛው ከዚያ የወጣ ነው። ወናፉን ሚስቱ ትነፋለች። መቶ አለቃው እንደ ከተማው ሰው ሁሉ "አንተ" እያለ ጠየቀው።

ይርጉ ሥራውን ሳያቋርጥ በአጭር በአጭሩ መለሰ። ጴጥሮስ ጠጣ፣ ወደቀ፣ ሞተ። ሌላ ያየው ነገር የለም። ማን ምን ፊት ተቀመጠ ሲባል መዶሻው ትንሽ ዘገየ እንጂ መልስ አልሰጠም። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጠየቀ።

"ልጅቷ ምን ትሆናለች?"

"ቅዳሜ ይርጋለም ትሄዳለች።"

ይርጉ መዶሻውን አስቀመጠ። አንድ ነገር ሊናገር ይመስል ነበር። ሚስቱ ወናፉን ትታ አየችው። እሱም ፊቱን አዞረና የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ከተተው።

መቶ አለቃው ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ ወጣ። ወዳጁን የገደለ ግን አልመሰለውም። ሻምበሉ ይህን ቢሰሙ፣ መምሰልና አለመምሰል ለጠንቋይ ነው ይሉት ነበር።

*

ዓርብ ጠዋት እንደገና ወደ ሸዋነሽ ቤት ሄደ። ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ጣቢያው መቀመጥ፣ ሙሉነሽ ለእያንዳንዱ መኪና ስትነሣ ማየት ስላልቻለ ነው። ማር ነጋዴዋ ሀዲጃ ማሯን አስረክባ ተቀምጣለች። ሸዋነሽ ከዚያው ማር የበጠበጠችውን ብርዝ ቀድታ ሰጠቻት። ሀዲጃ ብርሌውን በሁለት ጣቷ አንገቱ ላይ ይዛ ቀመሰች።

መቶ አለቃው ዓይኑን ብርሌው ላይ ተከለ።

"ብርዝ በብርሌ ነው እንዴ የምትጠጪው?"

ሀዲጃ ሳቀች። "ታዲያ በምን ልጠጣ? ወይስ እንደ ቀጥቃጩ ከበሩ ኋላ ኩባያ ልታስቀምጥልኝ ነው?"

ከሸዋነሽ እጅ ጭልፋው ወደቀ።

መቶ አለቃው ተነሥቶ ክፍቱን የመንገድ በር ወደ ፊት ሳበው። ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ጣውላ ተቸንክራለች። ባዶ ናት፤ አቧራው ላይ ግን የኩባያ ቂጥ ያሳረፈው ክብ ምልክት አለ። ሸዋነሽ በመጀመሪያው ቀን ብርዙን በፊቱ በብርሌ ቀድታ መጠጣቷ ያን ጊዜ ትዝ አለው። እያየ አላየም ነበር።

ኃይለኢየሱስን ዞሮ አየው። የዲላ ልጅ ነው።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አልጠየቁኝም፣ ጌታዬ" አለ ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፍቶ። "ደግሞም የሚወራ ነገር አይደለም። ያስነውራል።" ከፈለኝ ዓይኑን ያሸሸው በዚሁ ነውር እንደሆነ መቶ አለቃው ያን ጊዜ ገባው።

ሸዋነሽ ሀዲጃን ሸኝታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠችና ተናገረች። የይርጉ አባትም አያቱም ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። በከተማው እሱ በጠጣበት ዕቃ የሚጠጣ ሰው የለም። በየጠጅ ቤቱ ከበሩ ኋላ የሱ ኩባያ ተለይታ ትቀመጣለች። ከሌላ ዕቃ ጋር አትታጠብም። ጠጥቶ ሲጨርስ ራሱ ደጅ ወጥቶ ያለቀልቃታል፣ ራሱ መልሶ ያስቀምጣታል። አልጣሽ እንኳ ስታቀርብለት በእጀታው አንጠልጥላ ነው። ጴጥሮስ በምን አጋጣሚ በዚያ እንደጠጣ ሸዋነሽም አልገባትም። ያ ኩባያ ሰው ገደለ ከተባለ ግን ይርጉ ቡዳ ነው፣ በላው ይሉና ቤቱን በድንጋይ ያፈርሱበታል፤ እሷም ጠጅ ቤቷን ትዘጋለች። ስለዚህ ለአልጣሽ ስለ ኩባያው ቃል እንዳትተነፍስ ነገረቻት።

"ልጅቷስ?" አላት።

ሸዋነሽ የነጠላዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

መቶ አለቃው ከዚያው እንደቆመ ሁለት ነገር ገባው። ጠጅ ውስጥ ጌሾ አለ፤ መራራ ነገር ቢጨመርበት ጠጪው በጌሾው ያሳብባል። ብርዝ ግን ጣፋጭ ነው፣ ለዚህ ነው ጴጥሮስን የመረረው። መርዙ የተዘጋጀው ለጠጅ ጠጪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያን ኩባያ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ስለማይነካው መርዙን በዋዜማው አስቀምጦ የትም መሄድ ይቻላል። የዚያን ዕለት ማን የት ነበር ብሎ የጠየቀው ሁሉ ከንቱ ነበር።

በዋዜማው ከጣውላዋ አጠገብ ማን ቆሞ ነበር ብሎ ጠየቃት። ዝናብ ነበር አለች ሸዋነሽ፤ መንገደኛው ሁሉ ከበሩ ኋላ ተጠልሏል፣ ማንን ታስታውስ።

*

ከጣቢያው እስር ቤት አልጣሽን አስጠርቶ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። ኩባያውን ከማን ፊት አስቀመጥሽ?

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ስትፈራ ኖራ፣ በመጣ ጊዜ ግን እንደመገላገል አለች። በአቶ ይርጉ ፊት ያስቀመጠች መስሏት ነበር። ማሰሮዎቹን ይዛ ስትመለስ ከጴጥሮስ ፊት አገኘችው። ተሳስቼ ነው ብላ ደነገጠች፤ በእንግዳ ፊት ማንሣቱ አሳፈራትና ቀዳችበት። በውስጡ ምን እንዳለ አላየችም። ያቺን ኩባያ አተኩሮ የሚያይ የለም።

"የሱ ኩባያ ሰው ይበላል ይላሉ" አለች። "እኔ ነኝ የሰጠሁት። እኔ ነኝ ያስበላሁት።"

"የገደለው መርዝ ነው" አላት መቶ አለቃው። "ኩባያ ሰው አይበላም፣ ሰውም ሰው አይበላም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

ያመነችው አልመሰለውም። ሻምበሉም አላመኑትም። ያ ሁሉ ልጅቷ ቀድታ መስጠቷን አይሽርም አሉ፤ ሌላ ሰው ካለ ስሙን አምጣ አሉት።

*

ይርጉ የዚህን ጊዜ መዶሻ አልያዘም። ከመሥሪያው ደጅ ተቀምጦ፣ መቶ አለቃው ቁልቁል ሲመጣ እያየ ጠበቀው።

"ኩባያህን አግኝቻታለሁ" አለው መቶ አለቃው።

ይርጉ ራሱን ነቀነቀ። ማታውኑ ጣቢያ ሊመጣ ወስኖ እንደነበር፣ ሚስቱን ሲያማክር እንደዋለ ተናገረ። ከዚያ እንዴት እንደነበር ነገረው። ልጅቷ ኩባያውን ከፊቱ፣ ብርሌዎቹን ከሌሎቹ ፊት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከፈለኝ ፊቱን አዙሮ ይታጠባል። ጴጥሮስ ኩባያውን አየ፣ ይርጉን አየ። ምንም ሳይናገር እጁን ዘርግቶ ኩባያውን ወደ ራሱ ሳበ፤ የራሱን ብርሌ ወደ ይርጉ ገፋለት።

"ከፈለኝ ዞር ሲል እንደ ሰው በብርሌ ስጠጣ እንዲያየኝ ነው" አለ ይርጉ። "እድሜዬን ሙሉ የማንም ሰው እጅ ያቺን ኩባያ ሲነካ አላየሁም። ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ሲወድቅ እኔ ገና ደስታዬ አላለቀም።"

ለምን ዝም እንዳለ መቶ አለቃው አልጠየቀውም። ይርጉ ግን ነገረው። በኔ ኩባያ ጠጥቶ ሞተ ብል ለሚስቱ ምን እላታለሁ? ባሌን በላኸው ብትለኝስ? ለልጆቼስ ማን ይደርስላቸዋል? ዝም ስል ልጅቷ ትለቀቃለች ብዬ ነበር።

መቶ አለቃው ሞትህን የሚፈልግ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ይርጉ ብዙ የሚንቀው እንጂ የሚገድለው ሰው አልታየውም። በምርጫው እንኳ ባላንጣው ክፉ አልሆነበትም።

"ባላምባራስ ገሪማ እንዲያውም ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር" አለ። "ጴጥሮስ የሞተ ዕለት ማግስት፣ በማለዳ። ለሬሳ ሣጥኑ ምስማር እየሠራሁ ነበር። የኔን ደጃፍ ከዚያ በፊት ረግጠው አያውቁም። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው 'ወንድሜን፣ ወንድሜን' እያሉ ነው የገቡት። ለወዳጄ ሐዘን መምጣታቸው ነው ብዬ ልቤ ተነካ።"

የይርጉ ሚስት ከበሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። መራራ ሳቅ ሳቀች።

"ለወዳጅህ አይደለም" አለች። "መጀመሪያ ያገኙት እኔን ነው። እጄን ይዘው 'እግዜር ያጽናሽ፣ ልጆቹን ያሳድግልሽ' አሉኝ። በቁምህ ቀበሩህ እኮ። ሽማግሌ ናቸው፣ ግራ ገብቷቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አንተ ከጓሮ መዶሻህን ይዘህ ስትመጣ እንዴት ክው ብለው እንደቀሩ አላየህም?"

መቶ አለቃው ያን ቃል ደግማ እንድትለው ጠየቃት። ደገመችለት። ልጆቹን ያሳድግልሽ የሚባለው ባሏ ለሞተባት ሴት ብቻ ነው።

*

ከዚያ ወደ አውቶብስ ማቆሚያው ሩጫ በመሰለ እርምጃ ወጣ። የይርጋጨፌው አውቶብስ ሲደርስ ዕቃ የሚያወርደው ተሸካሚ ባላምባራስን በደንብ ያስታውሳል። ሻንጣቸውን የተቀበለው እሱ ነው። ወሬ ሲጠይቁት በሸዋነሽ ቤት ሰው ተመርዞ ሞተ፣ ዛሬ ይቀበራል ብሎ ነገራቸው።

"ማን እንደሆነ ነገርካቸው?"

"እኔም ገና አልሰማሁም ነበር" አለ ተሸካሚው። "ሰው ሞተ ሲባል የሰማው ሁሉ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል አይደል? እሳቸው አልጠየቁኝም። ሻንጣውን ቤት አድርስልኝ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ወረዱ።"

የጴጥሮስ ቤት ግን ከአውቶብስ ማቆሚያው ወደ ላይ ነው።

*

ማዘጋጃ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። መቶ አለቃው ሸዋነሽንና ተሸካሚውን ከደጅ አቁሞ ከኃይለኢየሱስ ጋር ገባ። ባላምባራስ ገሪማ ወንበር ስበው እንዲቀመጥ ጋበዙት። አልተቀመጠም።

ከአውቶብስ እንደወረዱ ለማን ለቅሶ እንደሄዱ ጠየቃቸው።

"ለጴጥሮስ ነዋ" አሉ።

"የጴጥሮስ ሚስት ቤት የደረሱት ቀትር ላይ፣ ለቀብር ነው። በማለዳ የሄዱት ይርጉ ቤት ነው። ለይርጉ ሚስት 'ልጆቹን ያሳድግልሽ' ብለዋታል።"

ባላምባራስ ሴቲቱ ውሸታም ናት አሉ። መቶ አለቃው ተሸካሚውን አስገባ። ተሸካሚው ያለውን ደገመ። ባላምባራስ ተሸካሚው ሰካራም ነው አሉ። ሸዋነሽ ገባች። መንገድ ላይ ስማቸው ሲነሣላት ሁሉ ነገር ተገልጦላት ነበር። ባላምባራስ በዋዜማው፣ ወደ ይርጋጨፌ ሊሄዱ ሲሉ፣ ዝናቡ አስገብቷቸው ጠጅ ጠይቀዋት ነበር። ሁልጊዜ ከላይ፣ ከምንጣፉ ላይ የሚቀመጡ ሰው የዚያን ዕለት አልቀመጥም ብለው ከበሩ ኋላ ቆሙ። እሷም እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ከዚያች ጣውላ አጠገብ መቆሙ አሳፍሯት፣ ጠጁን ልታመጣ ሮጣ ጓዳ ገባች።

"ስመለስ ሄደው ነበር" አለች። "ጠጁን ሳይጠጡ።"

ባላምባራስ አሁን ሸዋነሽን ምን እንደሚሏት አጡ።  ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ጴጥሮስን እኮ እወደው ነበር" አሉ። "እኔ ለጴጥሮስ ምንም ክፉ አላሰብኩም። ያንን ዕቃ ያነሣል ብሎ ማን ይገምታል? ሰው እንዴት ያንን ዕቃ ያነሣል?"

"አውቃለሁ" አላቸው መቶ አለቃው። "ለይርጉ ነበር።"

 ሃምሳ አለቃ ኃይለኢየሱስ የባላምባራስን እጅ ሲይዝ መቶ አለቃው ቁልፉን አነሣ።

*

ሻምበሉ ወረቀቱን ሲፈርሙ ፀሐይዋ ከኮረብታው ኋላ ገብታ ነበር። ከጣቢያው በር ላይ ይርጉ ቆሟል። ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጴጥሮስ በምን ዕቃ እንደጠጣና ለምን እንደጠጣ ራሱ ሊናገር ወስኗል። ኩባያውን ሊያሳያቸው ስለሚፈልግ እንዲመለስለት ጠየቀ።

"የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው፣ አልሰጥዎትም" አለው መቶ አለቃው። "ያለሱ ይናገሩ፣ አቶ ይርጉ። ድምፅ ያሳጣዎት ይሆናል።"

"ያሳጣኝ" አለ ይርጉ። "እሷን ደብቄ የማገኘውን ድምፅ ምን አደርገዋለሁ?"

"እርስዎ" መባሉን የሰማ አይመስልም ነበር። መንገዱን ሲጀምር ግን አንድ ጊዜ ዞሮ አየ።

አልጣሽ ስትወጣ ሙሉነሽ አልጮኸችም፣ አላቀፈቻትም። ክንዷን ያዘችና ወደ ቤት መራመድ ጀመረች፤ መኪና የሚቆምበትን ወገን በራሷ ሰውነት እየከለለች። መቶ አለቃው ከኋላቸው ተከተለ። ገበያውን አልፈው በእንሰቶቹ መካከል ያለውን ቀጭን መንገድ ያዙ። የቤቱ በር እንደተባለው ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዶሮ እርግብግብታ ከውስጥ ተሰማ።

ሙሉነሽ ልጇን አስቀድማ አስገባች። ራሷ ከደፉ ላይ ቆማ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች።

"ነገ ሐሳባቸውን አይለውጡም?"

"አይለውጡም።"

"መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚነሣው ብለው ነበር።"

"ቅዳሜ ሌላ ሰው ነው የሚጭነው" አላት። "ዝጊው፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ።"

በሩን ገፋችው። መልሳ በስንጥቁ አየችው፤ እሱ መሆኑን፣ ብቻውን መሆኑን። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ገጠመችው። መቶ አለቃው አልሄደም። የብረቱ መወርወሪያ፣ ይርጉ የሠራው፣ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ቋ ሲል ሰማ።